ክፍያው ለትምህርት ቤቱ፣ ሥራው ለእናት

ክረምት ሲገባ ፉሪ ላይ ሁለት ወሬ አይጠፋም፤ አንዱ የጭቃው፣ ሌላው የትምህርት ቤት ክፍያው። የሰፈሩ ወላጅ አማራጩ ጠባብ ነው። በአቅራቢያው ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፤ ዋጋው የሚንረው የግል ትምህርት ቤት አለ፤ ሕፃን ልጅ ገና ሳይነጋ ሰርቪስ ላይ ተጭኖ እስከ መካኒሳና ሳር ቤት የሚመላለስበት ኑሮም አለ። ይህን ሁሉ ሲያወጣ ሲያወርድ የከረመ ወላጅ ስልኩን ሲከፍት አራተኛ አማራጭ ያገኛል፤ ኦንላይን ትምህርት ቤት። ሰርቪስ የለም፣ ዩኒፎርም የለም፣ ምሳ ዕቃ የለም። ልጁ ከሳሎን ሳይወጣ «ዓለም አቀፍ» ትምህርት ይማራል፣ ሲጨርስም የውጭ አገር ዲፕሎማ ይይዛል ይባላል።

ማስታወቂያው የማይናገረው አንድ ሒሳብ አለ። ትምህርት ቤት የሚሠራው ሥራ ሰሌዳ ላይ ጽፎ በማስረዳት አያበቃም። ልጁን በሰዓቱ ማስቀመጥ፣ ሲያንቀላፋ መቀስቀስ፣ ያልገባውን ደግሞ ማስረዳት፣ ደብተሩን ማየት፣ ሲፈተን እንዳይኮርጅ መጠበቅ፣ ከጓደኛው ሲጣላ ማስታረቅ፣ ምሳውን መብላቱን ማረጋገጥ፣ ይህ ሁሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። ኦንላይን ትምህርት ቤት የዚህን ሥራ ግማሽ አንስቶ የቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ያስቀምጠዋል። ክፍያውን ግን ሙሉውን ይቀበላል።

ስለዚህ የሚመርጥ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት ሁለት ጥያቄ ሊመልስ ይገባል። ወደ ቤት የሚመጣውን ሥራ ማን፣ በስንት ሰዓት ይሠራዋል? መጨረሻ ላይ የሚሰጠውን ወረቀትስ ማን ይቀበለዋል? የድረ ገጹ ውበትና የአስተማሪው የእንግሊዝኛ ለዛ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬው ሰው።

ወላጅ ከምን እንደሚሸሽ ግልጽ ነው፤ በመሸሹም አይወቀስም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት ዓመት፣ በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ በተነገረው ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ዙር 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ ተብሎ እንደ መልካም ዜና ተነገረ። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስቱ የሚወድቅበትን ሥርዓት ያየ ወላጅ ሌላ በር ቢያንኳኳ ተፈጥሯዊ ነው። ነጋዴው የቆመውም እዚያው በር ላይ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ መሆኑ ግን መድኃኒት ተብሎ የቀረበውን ሁሉ መድኃኒት አያደርገውም።

ኢትዮጵያ የስክሪን ትምህርትን ዛሬ አልጀመረችም። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሰቅሎ፣ በሳተላይት የሚተላለፍ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ትምህርት ማስተላለፍ ጀመረ። ዓላማው መልካም ነበር፤ የጎሬውም የአዲስ አበባውም ተማሪ እኩል ጥራት ያለው ትምህርት ያገኛል ተባለ። ክፍል ውስጥ የሆነውን ያ ትውልድ ያውቀዋል። ፕላዝማው ይናገራል፣ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ገጹ ይቀየራል፤ መምህሩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መብራት ከሄደ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይሄዳል። ስክሪኑ ያልገባው ልጅ ፊት ላይ ያለውን ግራ መጋባት አያይም፤ ስለማያይም አይቆምም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ያም ሆኖ የፕላዝማው ተማሪ ዕድለኛ ነበር፤ ፕላዝማው ሲጠፋ ቢያንስ ክፍል ውስጥ መምህር ነበረ። የዛሬው የሳሎን ተማሪ ስክሪኑ ሲጠፋ የሚያገኘው ባዶ ሳሎን ነው።

ሁለተኛው ልምድ ቅርብ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 አገር ውስጥ መግባቱ በተነገረ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ። የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም የማስታወሻ ፎቶና ፒዲኤፍ መላክ ጀመሩ። ማታ ማታ እናቶች የ3ኛ ክፍል ሒሳብ ሲያስረዱ፣ አባቶች የልጃቸውን የቤት ሥራ ፎቶ አንስተው ሲልኩ ከረሙ። የክፍያ ጭቅጭቅ ተነሳና ትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ቤቶቹ ከመደበኛው ወርሃዊ ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ወሰነ። ያ ውሳኔ የያዘው ቁም ነገር ዛሬ ተረስቷል። መንግሥት ራሱ፣ በስልክ የሚመጣ ትምህርት ሙሉ ትምህርት እንዳልሆነና ሙሉ ዋጋ እንደማይገባው አምኖ ነበር። የዛሬው ኦንላይን ትምህርት ቤት ሙሉ ዋጋ ሲጠይቅ፣ ከዚያ ዘመን የጎደለውን ምን እንደጨመረ ማሳየት ያለበት እሱ ነው።

አሁን ወደ ፉሪ ቤት እንግባ። ጠዋት እናት ወደ ሱቅ ወይም ወደ መሥሪያ ቤት፣ አባት ወደ ሥራው ይወጣሉ። አያት ካሉ እሰየው፤ ቢኖሩም ታብሌት ከፍተው የይለፍ ቃል አስገብተው ልጁን ክፍል ያስገባሉ ማለት ዘበት ነው። በብዙ ቤት የቀረችው የቤት ሠራተኛ ናት፤ እሷም ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ትምህርቷን ያቋረጠች ወይም ማታ የምትማር ልጅ ናት። ልብስ እያጠበች፣ ወጥ እያማሰለች፣ የአሠሪዎቿ ልጅ ዩቲዩብ ሳይሆን ክፍል ውስጥ መሆኑን እንድትጠብቅ ይጠበቅባታል። የአንድን የሠለጠነ ረዳት መምህር ሥራ፣ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ላይ ያለ ክፍያ መጫን እንግዲህ «ዘመናዊ ትምህርት» ተብሏል። ሠራተኛ የሌለበት ቤት ደግሞ ሥራው የሚወድቀው በእናት ላይ ነው። ከሥራ የምትቀረው እሷ ናት፤ የቀረ ደመወዟም ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ክፍያ ጋር ተደምሮ መታየት አለበት። ያኔ «ርካሽ» የተባለው ትምህርት ቤት ከሰርቪሱም ከግል ትምህርት ቤቱም ሊበልጥ ይችላል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ አሜሪካን ይመልከት። መብራቱም ኔትወርኩም በሞላበት አገር፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሬዶ የተባለ የጥናት ማዕከል በ2015 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ የኦንላይን ቻርተር ትምህርት ቤቶችን መርምሮ ነበር። ተማሪዎቹ በመደበኛ ትምህርት ቤት ካሉ መሰሎቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ በንባብ የ72 ቀን፣ በሒሳብ የ180 ቀን ትምህርት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። የአሜሪካ የትምህርት ዓመት 180 ቀን ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር በሒሳብ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ያልገቡ ያህል ነው። እነዚያ ልጆች የሚማሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ በአገራቸው ሰዓት ነበር።

ሰዓት ከተነሳ፣ ወላጅ ሳይመዘገብ የትምህርቱን ሰዓት ወደ አበሻ ሰዓት ቀይሮ ወረቀት ላይ ይጻፈው። ኒውዮርክ ያለ መምህር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ክፍሉን ሲከፍት፣ ፉሪ ላይ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓት ትምህርት ከሆነ የሚያልቀው ማታ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ይሆናል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ኳስ በሚያንከባልልበት ሰዓት እሱ ክፍል ይገባል፤ ቤተሰቡ እራት ቀርቦ በሚሰበሰብበት ሰዓት «ድምፅ ቀንሱ» ይባላል። በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር ተከራይ ይህን እንዴት ይችለዋል? ሰዓቱን ላለመግፋት የተቀዳ ቪዲዮ የሚሰጡ አሉ። የተቀዳ ቪዲዮ ግን በነፃም ሞልቷል፤ ለእሱ ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቅ ተቋም ቪዲዮው ላይ ምን እንደሚጨምር ይጠየቅ።

መብራትና ኔትወርክም እንደ ሰበብ ሳይሆን እንደ ወጪ ይቆጠሩ። የቪዲዮ ትምህርት በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይበላል። በቀን አራት ሰዓት፣ በወር ሃያ ቀን ቢባል ለአንድ ልጅ ከ40 እስከ 80 ጊጋባይት ነው። ሁለት ልጅ ያለው ቤት እጥፍ ያድርገው። ፓኬጅ የሚገዛ ሰው ይህን ቁጥር በዋጋ መንዝሮ ክፍያው ላይ ይደምረው፤ ዋይፋይ ያስገባም መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ እንደሚሄድ አይርሳ።

ከቤተሰቡ አቅም በላይ የሆነው ግን የኢንተርኔት መዘጋት ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት የተዘጋው ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ታግደው ነበር፤ ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት መተግበሪያ ለመግባት አገሩ ሁሉ ቪፒኤን ሲያወርድ ከርሟል። ለብሔራዊ ፈተና ሲባል ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው ዓመታትም ነበሩ። ትግራይ በጦርነቱ ጊዜ፣ አማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ቆይተዋል። ትምህርት ቤቶች በጦርነት የተዘጉባቸው፣ ኦንላይን ትምህርት ከማንም ይበልጥ ያስፈልጋቸው የነበሩ ልጆች ኔትወርክ አልነበራቸውም። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ያላስቀመጠ ኦንላይን ትምህርት ቤት የሚሸጠው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። የታተመ መጽሐፍ ይሰጣል? ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ትምህርት አለው? የባከነውን ሳምንት ያካክሳል ወይስ ክፍያውን ይመልሳል? መልሱ ውሉ ላይ ይታይ።

ሁለተኛው ጥያቄ የወረቀቱ ነው፤ እዚህ ላይ የፉሪ ሰው ከማንም በላይ ነቅቶ ሊሆን ይገባል። ፉሪ የሚለው ስም በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማም ይጠራል፣ በ2015 ዓ.ም. በተደራጀው የሸገር ከተማም የክፍለ ከተማ ስም ነው። ወሰን ሲካለል መታወቂያና የቤት ካርታ ምን እንደሚሆን ሰፈሩ አይቷል። የአንዱ ወገን ትምህርት ቤት ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ፣ የሌላው ለኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ይጠየቃል። ሥርዓተ ትምህርቱ የሚሰጥበት ቋንቋም ይለያያል። ተጠያቂው ግን በሁለቱም በኩል በአካል አለ፤ በሩ ላይ ሄዶ መጮህ ይቻላል። ኦንላይን ትምህርት ቤቱስ ለማን ይጠየቃል? ፈቃዱን የሰጠው የትኛው ቢሮ ነው? የፈቃድ ቁጥሩስ? ሻጩ «ዓለም አቀፍ ዕውቅና አለን» ካለ፣ ዕውቅናውን የሰጠው ተቋም ስም ተጠይቆ በዚያ ተቋም የራሱ ዝርዝር ውስጥ ትምህርት ቤቱ መኖሩ ይታይ። ድረ ገጽ ላይ አርማ መለጠፍ ማንም የሚችለው ነገር ነው።

ልጅ መመለሱም አይቀርም። ገንዘብ ያጥራል፣ ልጁ ይሰለቻል፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ያን ጊዜ ወላጅ ካርድና መልቀቂያ ይዞ በአቅራቢያው ወዳለ መደበኛ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የ6ኛ እና የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና በአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት የሚዘጋጅ ነው፤ ሦስት ዓመት የአሜሪካ ታሪክ የተማረና አማርኛ አንብቦ የማያውቅ ልጅ ሚኒስትሪ ላይ ምን ይሠራል? ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት መደረግ ያለበት ቀላል ነገር ነው። ወላጅ ልጁ ነገ ሊመለስበት ወደሚችለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ዘንድ ሄዶ «የዚህን ተቋም ካርድ ትቀበላላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ይሂድ። መልሱ በቃል ከሆነ መልስ አይደለም፤ በጽሑፍ ይሁን።

ይህ ከልክ ያለፈ ጥርጣሬ የሚመስለው የ2002 ዓ.ም. ክረምትን ያስታውስ። ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ውስጥ በርቀት የሚሰጥ ትምህርት በአንድ ውሳኔ ታገደ። እገዳው በኋላ ቢለዝብም የሕግና የመምህርነት ትምህርት ለግል ተቋማት ዝግ ሆነ። ከፍለው፣ ሞጁል ተሸክመው፣ ቅዳሜና እሁድ ሲማሩ የነበሩ ሰዎች ጉዳያቸው ምን እንደሚሆን በስጋት ከረሙ። በአገር ውስጥ ቢሮ የነበራቸው ተቋማት እንዲህ ከሆኑ፣ ቢሮው የት እንደሆነ የማይታወቅ ተቋም ምን ዋስትና አለው?

ሻጮች አንድ አዲስ መከራከሪያ አግኝተዋል። ብሔራዊ ፈተናው ራሱ ኦንላይን ሆኗል፣ ስለዚህ ልጁ ከአሁኑ በኦንላይን ይልመድ ይላሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት መጀመሩ እውነት ነው። ሆኖም ፈተናው ሳሎን አልመጣም። ተማሪው ተጉዞ፣ አዳራሽ ገብቶ፣ ፈታኝ ፊት ተቀምጦ ነው የሚፈተነው። ለእሱ የሚያስፈልገው የኮምፒውተር ልምምድ ጥቂት ሳምንት ይፈጃል፤ ፊዚክሱና ሒሳቡ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ይልቅ ሻጩ ይህን ይመልስ፦ ልጁ 12ኛ ሲደርስ ለብሔራዊ ፈተና የሚመዘገበው በየትኛው ትምህርት ቤት ስም ነው? የውጭ ዲፕሎማ ነው የሚይዘው ከተባለ፣ በዚያ ዲፕሎማ አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የአቻ ግምት የሚያገኝበት መንገድ ምንድን ነው? አገር ውስጥ የማይሠራ፣ ውጭም ቪዛ ካልተገኘ የማይሠራ ወረቀት የ12 ዓመት ልፋት ዋጋ ሊሆን አይችልም።

ገንዘቡም ራሱን የቻለ ወጥመድ አለው። ክፍያው በዶላር ከሆነ ዋጋው በወላጁ እጅ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በወር 200 ዶላር ቢባል 11,400 ብር የነበረው ክፍያ 24,000 ብር ሆነ ማለት ነው። የወላጁ ደመወዝ ግን በዚያ ልክ አላደገም። ብዙ ቤት የሚከፍለው ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ነው። እሰየው ነው፤ ግን ያ ዘመድ ሥራ ሲያጣ ወይም ትዳር ሲይዝ የልጁ ትምህርት ምን ላይ ይቆማል? የአንድ ዓመት ክፍያ በአንዴ ለከፈለ ቅናሽ አለ ሲባልም ቅናሹን ለመያዝ መጣደፍ አደገኛ ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኤኮት የተባለው የግዛቱ ትልቁ ኦንላይን ትምህርት ቤት በጥር 2018 እ.ኤ.አ.፣ በዓመቱ አጋማሽ፣ 12,000 ያህል ተማሪ ይዞ ተዘጋ። ግዛቱ፣ መማራቸው ላልተረጋገጠ ተማሪዎች የተከፈለ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር እንዲመልስ ጠይቆት ነበር። ቁጥጥር ጠንካራ በሆነበት አገር ይህ ከሆነ፣ ዓመታዊ ክፍያ በቴሌብር ልኮ ደረሰኝ ያልያዘ ወላጅ ማንን ይከሳል?

የሕንዱ ባይጁስም ለትምህርት ነጋዴው መስተዋት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. 22 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ተሰጥቶት የነበረው ኩባንያ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ወላጆችን እያስጨነቀ ትምህርት ይሸጣል በሚል ቅሬታ በአገሩ የሕፃናት መብት ኮሚሽን ተጠራ። በ2024 የኪሳራ ችሎት ፊት ቆመ። እዚህ ከተማ ውስጥም ወላጅ ስልኩን አንዴ ከሰጠ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ «ቦታ እያለቀ ነው» እያለ የሚደውል ሻጭ ካጋጠመው፣ ያን ያህል የሚሮጥ መምህር እንዳለው ይጠይቅ። ኦንላይን ክፍል ውስጥ ወንበር አያልቅም። የሚያልቀው የመምህሩ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ወላጅ ስለ መምህሩ ይጠይቅ። ስሙ ማን ነው? በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ይይዛል? የልጁን ደብተር የሚያየው ሰው ነው ወይስ መተግበሪያ? ልጁ ያልገባው ነገር ቢኖር በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በየትኛው ቋንቋ ይመለስለታል? ፈተናው ላይ ልጁ ራሱ መሥራቱ በምን ይረጋገጣል? የሳይንስ ቤተ ሙከራ እንዴት ይሰጣል? ደህና ትምህርት ቤት ልጁን ለአንድ ሳምንት በነፃ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ሌሎች ወላጆችን ለማነጋገርም ፈቃደኛ ይሆናል። እምቢ ያለ ትምህርት ቤት መልሱን ሰጥቷል።

ዕድሜም ይቆጠር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት ባይቀመጥ ይሻላል ይላል። እንዲህ እያለ «ኦንላይን ኬጂ» መሸጥ ድፍረት ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ትምህርቱ እርሳስ መያዝ፣ ተራ መጠበቅ፣ ከልጆች ጋር መጫወት ነው፤ አንዱም በገመድ አይመጣም። ከአንደኛ ደረጃ ለወጣ፣ አንብቦ የሚረዳና ራሱን የሚቆጣጠር ልጅ ግን ነገሩ ይለያል።

ኦንላይን ትምህርት ለማንም አይጠቅምም የሚል ሰው ሐሰት ይናገራል። ሕመም ያለበትና በየቀኑ መውጣት የማይችል ልጅ፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ደረጃ የሌለው ትምህርት ቤት ያላገኘ ልጅ፣ ውጭ አገር ተወልዶ አማርኛ የሚማር ልጅ፣ የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ በሰፈሩ ጥሩ የኬሚስትሪ መምህር ያጣ ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ ይጠቀማሉ። የሚጠቀሙት ግን ቤት ውስጥ አንድ የተመደበ አዋቂ ሰው፣ የተመደበ ሰዓት፣ ደህና መስመርና ልጁን የሚያውቅ መምህር ሲኖራቸው ነው። ለብዙው የፉሪ ቤተሰብ የሚሻለው መንገድ ልጁን በአቅራቢያው ባለው መደበኛ ትምህርት ቤት አስመዝግቦ፣ ለአሜሪካ ዲፕሎማ ሊከፈል ከነበረው ገንዘብ ጥቂቱን ለማጠናከሪያ ትምህርት ማዋል ነው። ማጠናከሪያው ኦንላይንም ሊሆን ይችላል። ካርዱ በመደበኛው ትምህርት ቤት ይቆያል፣ ልጁ ጓደኛ አያጣም፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ክፍሉ አይጠፋም።

መንግሥትም ከዚህ ነፃ አይደለም። ወላጅ ብቻውን መርማሪ፣ ጠበቃና የኔትወርክ ባለሙያ እንዲሆን መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። የከተማው ትምህርት ቢሮና የጥራት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያላቸው ኦንላይን ትምህርት ቤቶችን ስም ማንም ወላጅ በስልኩ በሚያየው ቦታ ሊያስቀምጡ፣ ከዝርዝሩ ውጭ ያሉትን በስም ሊያሳውቁ፣ በዓመቱ መካከል የተዘጋ ተቋም ክፍያ የሚመልስበትን ደንብ ሊያወጡ ይገባል። በ2012 የክፍያ ጣሪያ በሳምንታት ውስጥ መወሰን ከተቻለ፣ ይህም ይቻላል።

እስከዚያ ድረስ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡ አንድ ማታ አብሮ ይቀመጥ። አባትም ይኑርበት፤ ውሳኔው የሁለቱ ሆኖ ሥራው የአንዷ እንዳይሆን። ወረቀት ላይ በአንድ በኩል ክፍያው፣ ዳታው፣ ታብሌቱ፣ የቀረ ደመወዙ ይደመር። በሌላው በኩል ከሰኞ እስከ ዓርብ በእያንዳንዱ ሰዓት ከልጁ ጎን የሚቀመጠው ሰው ስም ይጻፍ። የስም ቦታው ባዶ ከሆነ ወይም በአምስቱም ቀን የተጻፈው የእናትየው ስም ብቻ ከሆነ ምርጫው እዚያው አልቋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።